ዲግሪ ይዞ ወደ ጦር ሠፈር

ከመካከላችን አንዱ «ዲግሪዬን ተቀብዬ መኮንን እሆናለሁ» ቢል ብዙዎቻችን እንስቅበታለን። የጦር ሠፈር ፈተና የወደቀ ሰው መጠጊያ ይመስለናል።

በበኩሌ ይህ ንቀት ብዙ አስከፍሎናል እላለሁ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ተሰለፉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣኑን የያዘው ግን ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ የተሰበሰቡበት ደርግ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት መሬቱን ያወጀው እርሱ ነው፤ ተማሪውን በቀይ ሽብር የፈጀውም እርሱ ነው። ተማሪና ወታደር የአንድ አገር ልጆች ሳሉ እንደ ባዕድ ይተያዩ ነበር።

እርግጥ ዲግሪ ብቻውን መኮንን አያደርግም። ብዙ ዘመን ያገለገለው ሃምሳ አለቃ የሚያውቀውን መጽሐፍ አያስተምርም፤ ከእርሱ መማር የሚያፍር ምክትል መቶ አለቃ ወታደሩን ያስፈጃል። ሥራ አጥቶ ብቻ የሚሄድም ቢቀር ይሻላል፤ የሰው ነፍስ የእንጀራ መብያ አይደለችምና።

ታዲያ የተማረው ምን ይዞ ይሂድ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ፣ ከፓርቲ ወገንተኝነትም ነፃ እንዲሆን ያዛል። ይህን ቃል አንብቦ የሚያስረዳ፣ በተለይም ትእዛዝ ሲመጣ የሚያስታውስ መኮንን ያስፈልገናል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን አስቦ የሚሄደውን ጓደኛችንን አንሣቅበት፤ በክብር እንሸኘው። ከሄደም በኋላ ደብዳቤ እንጻፍለት፤ ዳግመኛ ባዕዳን እንዳንሆን።