ኮምፒዩተር የወጣት ብቻ ነውን?

በዘመናችን ከሚሰሙት አስተያየቶች አንዱ፣ «ኮምፒዩተርን በሚገባ የሚያውቀው ከእርሱ ጋር ያደገ ሰው ነው፤ በጎልማሳነት ወይም በእርጅና የሚማረው ግን ድካሙ ከንቱ ነው» የሚል ነው። አባባሉ እውነት ቢመስልም፣ ልማድንና ዕውቀትን ስለሚያደባልቅ ልንቀበለው አይገባም።

እርግጥ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ኮምፒዩተርን ወይም ዘመናዊ የእጅ ስልክን የለመደ ልጅ ጣቶቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ቢሳሳትም አይደነግጥም፤ መልሶ ይሞክራል። ይህ ድፍረት ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ፊልም ከፍቶ ማየት የሚችል ሁሉ፣ የሒሳብ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ወይም እውነተኛውን ወሬ ከሐሰተኛው መለየት ይችላል ማለት አይደለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚስማማው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል፣ ዘግይቶ መጀመር ከከፍተኛ ደረጃ ከመድረስ እንደማያግድ ታሪክ ይመሰክራል። ግሬስ ሆፐር የተባሉት አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድ በተባለው ግዙፍ የሒሳብ ማስሊያ መኪና ላይ መሥራት የጀመሩት በ1944፣ በ37 ዓመታቸው ነበር። በ1952 ደግሞ «ኮምፓይለር» የተባለውን የፕሮግራም ማቀነባበሪያ ከሠሩት ቀደምት ሰዎች አንዷ ሆኑ። በእርግጥም የመጀመሪያዎቹን ኮምፒዩተሮች የሠሩት ሰዎች ሁሉ ያለ ኮምፒዩተር ያደጉ ነበሩ።

በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ የሸመገሉ አባቶችና እናቶች በወጣት አስተማሪዎች ፊት ተቀምጠው ማንበብና መጻፍ ተምረዋል። ዕድሜ ለፊደል እንቅፋት ካልሆነ፣ ለኮምፒዩተር እንቅፋት የሚሆንበት ምክንያት የለም። ኮምፒዩተርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ የሆነ ተማሪም፣ ጊዜው አልፎብኛል ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም።

ጉዳዩ የክብርም ጉዳይ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ገንዘብን በስልክ መላክና መቀበል እየተስፋፋ መጥቷል። በስልኩ መጠቀም ያልተማሩ እናት የምሥጢር ቁጥራቸውን ለሌላ ሰው ለመንገር ይገደዳሉ። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ በእርሳቸው ስም ቢቀመጥም፣ አዛዡ ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ወጣቱ፣ «እማማ፣ ወዲህ ይስጡኝ፤ እኔ ልሥራልዎት» ከማለት ይልቅ፣ ከጎናቸው ተቀምጦ አንድ በአንድ ሊያሳያቸው፣ ሲረሱም ሳይሰለች ሊደግምላቸው ይገባል።

ጎልማሳውም ከልጅ መማርን እንደ ውርደት ሊቆጥረው አይገባም። እርሱም በበኩሉ ገንዘብን በጥንቃቄ መያዝንና ያልተጣራ ወሬን መጠርጠርን ለልጁ ሊያስተምረው ይችላልና።