ኔትወርኩን ለቀቅ እናድርገው!

በአገራችን ለዘገየ ነገር ሁሉ ተከሳሹ አንድ ነው፤ ኔትወርክ። የቆቦ ማሽላ ነጋዴ ገንዘብ ሊልክ የባንክ አፕሊኬሽን ይከፍታል፤ ገጹ አልንቀሳቀስ ይላል፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ኔትወርክ ንጹሕ ነው እያልን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደቆየ አንረሳም። ግን አንድ የታወቀ ተከሳሽ ሲኖር ሌላውን ጥፋተኛ የሚፈልግ ይጠፋል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። አፕሊኬሽኑ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ኢንተርኔቱን አጥፉና ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ግፉት። ያኔም ከተንገጫገጨ ኔትወርኩ የለበትም።

ታዲያ ያው አፕሊኬሽን በአይፎን ላይ እንደ ውሃ እየፈሰሰ፣ በርካሽ አንድሮይድ ላይ ለምን ይጎተታል? ዛሬ አንዴ በተጻፈ ኮድ ለሁለቱም የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ፤ የፌስቡኩ ሪአክት ኔቲቭና የጎግሉ ፍላተር። ወጪ ይቆጥባሉ፤ አንቃወምም። ነገር ግን ኮዱ አንድ ሆነ ማለት ስልኩ አንድ ሆነ ማለት አይደለም። በሪአክት ኔቲቭ የተሠሩ አፕሊኬሽኖች አንድሮይድ ላይ ለመከፈት ይዘገዩ ነበር፤ ስልኩ በተከፈቱ ቁጥር ኮዱን እያነበበ ይተረጉም ነበርና። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2019 ሄርሜስን አምጥቶ ይህን ሥራ አፕሊኬሽኑ ገና ሲሠራ እንዲያልቅ አደረገ። ፍላተር ደግሞ በተቃራኒው አይፎን ላይ ይንተፋተፍ ነበር፤ በ2023 ኢምፔለር የተባለው አዲስ የሥዕል ሞተሩ አቃለለው። ሁለቱም መፍትሔ ያገኙት ችግሩ በታየበት ስልክ ላይ ተለክተው ነው።

የእኛስ አፕሊኬሽኖች በየትኛው ስልክ ይለካሉ? ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ ለእያንዳንዱ 16 ሚሊሰከንድ ብቻ አለ። ውድ ስልክ በዚያ ጊዜ ይጨርሳል፤ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ስልክ ግን ይተነፍሳል። በዚያ ላይ ስልክ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ብርድ የተፈተነ አፕሊኬሽን የራያን ፀሐይ ከየት ያውቃታል?

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። «ላክ» የሚለው ቁልፍ ዝም ሲል ሰው ደግሞ ይጫናል፤ አፕሊኬሽኑ ካልተጠነቀቀ ገንዘቡ ሁለቴ ይሄዳል።

ስለዚህ አፕሊኬሽን ለምትሠሩ ወዳጆቻችን ሦስት ነገር እንላለን። መጀመሪያ በርካሹ አንድሮይድ ላይ ለኩ፤ ያውም ገና እየተሠራ ባለው ሳይሆን ለሕዝብ በሚለቀቀው እትም። ረጅሙን ዝርዝር በአንድ ጊዜ አትጫኑት። ቁልፉም አንዴ ከተነካ በኋላ ይቆለፍ።

እኛ ተጠቃሚዎችም «ይዘገያል» ብለን አንተው። የስልኩን ዓይነት፣ የአንድሮይዱን እትምና የቆመበትን ገጽ ጽፈን እንላክላቸው። «ኔትወርክ ነው» ብሎ መመለስ ያኔ ይከብዳል።