ዕጣና ብልሃት

ብዙ ተጫዋች ሲሸነፍ ዕጣውን ያማርራል። እኔ ግን ይህን ሰበብ አልቀበለውም።

በስዊድን አገር ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ስቴላሪስ» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ እንመልከት። ጨዋታው በተጀመረ ቁጥር እስከ 1000 የሚደርሱ ከዋክብት ተጫዋቹ በመረጠው ቅርጽ ውስጥ በዕጣ ይበተናሉ፤ ቀጥሎም እርስ በርሳቸው በመንገድ ይያያዛሉ። የጠፈር መርከቦችም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፉት በእነዚሁ መንገዶች ነው። ስለዚህ አንድ በር ብቻ ያለው ግዛት በጥቂት ሠራዊት ይጠበቃል፤ መንገድ የበዛበት ግን ከየአቅጣጫው ይደፈራል። እንግዲህ ዕጣ ስፍራውን ይሰጠናል፤ በሩን ለይቶ መጠበቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የተወለድንበትን ቤት ማናችንም አልመረጥንም። ቢሆንም «ዕድሌ ነው» ብሎ መጽሐፍን ከማጠፍ መንገዱን መርምሮ መነሣት ይሻላል።