«ተደራጁ!» ማለትማ ማንን ያቅተዋል?

እንግዳ ሲመጣ ጥሯቸው፣ በዓል ሲደርስ አስጨፍሯቸው፣ ሲያልቅ «ሕጋዊ ሰውነት የላችሁም» ብላችሁ አሰናብቷቸው! የነጌሌ ቦረና፣ የያቤሎና የሞያሌ የኪነት ልጆች ዕጣ ይኸው ነው።

ለመሆኑ ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል? በ1987 የጸደቀው ሕግ አንቀጽ 91፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የመደገፍ ግዴታ አለበት ይላል። ልብ በሉ፤ ግዴታ ነው፣ ችሮታ አይደለም! ግን ያቺ «አቅም በፈቀደ» የምትል ነገር ለቢሮው ማምለጫ ቀዳዳ ሆናለች። ለባነርና ለድግስ አቅም አለ፤ ለከበሮና ለማይክሮፎን ሲሆን ይጠፋል። በ2009 የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁሉም አጨበጨበ። ጭብጨባ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

«እንግዲያው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሁኑና ረጂ ፈልጉ» ይባላሉ። በ2001 የወጣው አዋጅ 621 በብሔረሰቦች እኩልነትና በዕርቅ ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ አስሮ ነበር። ስለ ሰላም የሚዘፍን ቡድን በዚያ ሕግ እጁ ታስሮ ነበር ማለት ነው። በ2011 አዋጅ 1113 ይህን ፈታ። ደግ አደረገ፤ እሰየው!

ግን በሩ የተከፈተው የት ነው? አዋጁ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ድርጅት በፌዴራል እንዲመዘገብ አዘዘ። ሞያሌን ተመልከቱ፤ ግማሿ ኦሮሚያ፣ ግማሿ ሶማሌ ክልል ናት። በ2010 ሺዎች ወደ ኬንያ የተሰደዱባት ከተማ ናት። እዚያ የቦረናውንና የገሪውን ልጅ አንድ መድረክ ላይ የሚያወጣ ቡድን አስፋልቱን ተሻግሮ ከዘፈነ «ሁለት ክልል ሠራ» ሊባል ነው! እንግዲህ ለወረቀት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይግባ? በጣም የምንፈልገውን ቡድን በጣም የምናንከራትተው እኛው ነን።

ሒሳቡስ? ለአስተዳደር ከ20 በመቶ በላይ አይወጣም ተብሏል። ሚሊዮን ለሚያንቀሳቅስ ድርጅት 20 በመቶ ብዙ ነው። በዓመት 100 ሺህ ብር ለሚያገኝ ቡድን ግን 20 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ሒሳብ ሠራተኛና መንገድ ሲነሣ ምን ይተርፋል?

«መንግሥት ይርዳ ስትሉ የደርግን ኪነት ልትመልሱብን ነው» የሚል ይኖራል። የለም! ያኔ ቀበሌው ከበሮውን ሰጠ፣ ግጥሙንም አብሮ አዘዘ። እኛ የምንለው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ምዝገባው ዞን ድረስ ይውረድ፤ ነጌሌ የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ የተባለችው ለስም ብቻ አይሁን። ሁለተኛ፣ ለትንሽ ቡድን ትንሽና ቀላል የሒሳብ ቅጽ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ አዋጁ ያቋቋመው የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ለእነዚህም ይድረስ፤ የሚሰጠውም በግልጽ ውድድር ይሁን እንጂ በካድሬ ድጋፍ ደብዳቤ አይሁን። አራተኛ፣ መንግሥት ለበዓሉ ሲጠራቸው እንደ ማንኛውም ነጋዴ በውል ይክፈላቸው።

በጥር 1966 የነጌሌ ወታደር የጠየቀው የሚበላ ምግብና የሚጠጣ ውሃ ነበር። አዲስ አበባ «ትንሽ ጉዳይ ነው» ብላ ናቀችው፤ ብዙ ሳይቆይ ነገሩ የት እንደደረሰ ታሪክ ያውቀዋል። የዛሬዎቹ ልጆች የያዙት ጠመንጃ አይደለም፣ ከበሮ ነው። ከበሮን መስማት የሚያቅተው መንግሥት ምን ሊሰማ ነው?