ዳኛና ፖሊስ በአንድ ጣሪያ ሥር

በሎንዶን ከተማ ከንጉሣዊው የኦፔራ ቤት ፊት ለፊት የሚገኘው የቦው ስትሪት ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ፍርድ የነበረውን አሳብ የሚገልጥ ሕንፃ ነው። ፕላኑን ያወጣው የመንግሥት መሐንዲስ ጆን ቴይለር ሲሆን፤ ሥራው በ1878 ተጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ተፈጸመ። ግንባሩ በፖርትላንድ ነጭ ድንጋይ ተለብጦ የግሪክንና የሮማን የአሠራር ስልት ይከተላል። በዚያን ጊዜ መንገዱ የአትክልት ነጋዴና የቲያትር ተመልካች የሚተራመስበት ስለ ነበረ፤ ቤቱ ክብሩን ጠብቆ እንዲታይ መደረጉ ተገቢ ነበር።

በደጃፉ የተሰቀለው ፋኖስ እንደ ሌሎቹ የሎንዶን ፖሊስ ጣቢያዎች ሰማያዊ ሳይሆን ነጭ ነበር። ይኸውም ንግሥቲቱ ወደ ኦፔራ ሲመጡ፤ ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ያረፉበትን ሰማያዊ ክፍል እንዳያስታውሳቸው ነው ተብሎ ይተረካል።

ይሁን እንጂ ዋናው ነገር ከግንባሩ ይልቅ በክፍሎቹ አደላደል ላይ ነው። ፖሊስ የያዘውን ሰው የሚያሳድርበት ክፍልና ዳኛው የሚያስችልበት አዳራሽ በአንድ ሕንፃ ተጣምረዋል። ለአስተዳደር ምቹ መሆኑ አይካድም፤ እስረኛው በአደባባይ ሳይጎተት ከዳኛው ፊት ይቀርባልና። ልማዱም የቆየ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ በ1748 ዳኛ የሆነው ደራሲው ሄንሪ ፊልዲንግ ሌባ የሚይዙ ጥቂት ሰዎችን ራሱ አሰማርቶ ነበር። ነገር ግን ያዡና ፈራጁ በአንድ ደጅ ሲገቡና ሲወጡ የሚያይ ድኻ ተከሳሽ፤ ሁለቱ አንድ እጅ ናቸው ብሎ ቢጠረጥር ማን ይፈርድበታል? እንዲህ ያሉት ችሎቶች እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ «የፖሊስ ፍርድ ቤት» ይባሉ ነበር። ስማቸው በሕግ ተለወጠ፤ የቦው ስትሪት ግድግዳ ግን እንደ ነበረ ቀረ። መሐንዲሱ የታዘዘውን በመልካም ሠርቷል፤ ጉድለቱ የአዛዦቹ ነው።

በዚህ ቤት በ1895 ደራሲው ኦስካር ዋይልድ፤ በ1908 ደግሞ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት ወይዘሮ ኤሜሊን ፓንክረስት ቀርበዋል። እኒህ ወይዘሮ የኢትዮጵያ ወዳጅ የሆኑት የሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት እናት ናቸው። የቺሊው ጄኔራል ፒኖቼ ለስፔን ተላልፈው እንዲሰጡ የቀረበው ጥያቄም በ1999 የታየው በዚሁ ፍርድ ቤት ነው።

ፖሊሶች በ1992፤ ዳኞችም በ2006 ለቀው ሄዱ። ሕንፃው በታሪካዊነቱ ተመዝግቦ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ግንባሩ ሳይፈርስ ቀርቶ በ2021 ሆቴል ሆኗል። በዚያው ዓመት የቀድሞው እስር ቤት ክፍሎች የፖሊስ ቤተ መዘክር ሆነው ለሕዝብ ተከፈቱ። ነጋዴው ከአሮጌ ፍርድ ቤት ማትረፉ ነውር የለበትም፤ ባዶ ቤት ዝናብ ያፈርሰዋልና። ነገር ግን የመንግሥትን ሕንፃ የሚሸጥ ባለሥልጣን ውሉን ከመፈረሙ በፊት ግንባሩ እንዳይነካና ከክፍሎቹም አንዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን በጽሑፍ ማስገባት አለበት። ከተሸጠ በኋላ የሚቀርብ ልመና ገዢውን አያስገድደውም።