ድሮን የሙከራ ማሳን አይተካም

የዘረመል መረጃና የድሮን ምስል ካሉ የስንዴ የሙከራ ማሳ ትርፍ ወጪ ነው የሚለው ሰሞኑን የታተመ አስተያየት የስሌቱን መሠረት ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎቹ ሜውዊሰን፣ ሄይስና ጎዳርድ ያቀረቡት የዘረመል ምርጫ ስሌት ለእያንዳንዱ የዘር ምልክት ዋጋ የሚሰጠው ምርታቸው ማሳ ላይ ከተመዘነ ተክሎች ተምሮ ነው፤ ሚዛኑ ከቀረ ትምህርቱም ይቀራል። ምስሉ የሚያሳየው የአረንጓዴነት መጠንና የቅጠል ሙቀትም ምርትን ይጠቁማል እንጂ አይመዝንም (በሜክሲኮ በዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ማሳዎች ጥቆማው ትንበያውን ማሻሻሉ ግን አይካድም)።

ክርክሩ ፈጽሞ የሚፈርሰው በሽታ ሲለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ ያወደመው አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ነበር። ከዚያ በፊት በተሰበሰበ መረጃ ብቻ የሠለጠነ ስሌት ስለዚህ ዋግ ምን ሊያስጠነቅቅ ይችል ነበር? ስሌቱ የሚያዋጣው ዘራቸው ለሙከራ ገና ያልበቃ እጩዎችን ቀድሞ ለማጣራት ነው።