እምቢታው በጽሑፍ ይሁንልን

«ሞልቷል» የምትል ቃል አለች። ታክሲ ተራ ላይ ስንሰማት ትከሻችንን ነቅንቀን የሚቀጥለውን እንጠብቃለን። ባለፈው ነሐሴ ይህችኑ ቃል አንዲት እናት ከመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ይዛት ስትመለስ አየሁ። ልጅ ሰባት ዓመት የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና የሚቀጥለው ታክሲ ለእርሷ አልታያትም።

እናቲቱና እኔ በአንድ ግቢ የምንኖር ተከራዮች ነን። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ትምህርት ቤቱ ከግቢያችን አጥር ማዶ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም፤ ማለዳ የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ሲዘመር እርሷ ከምጣዷ ሳትነሣ ትሰማዋለች። ልጇ መዝሙሩን በቃሉ የያዘው እዚያው ምጣድ ዳር ቁጭ ብሎ ነው። ስለዚህ ለ2018 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ምዝገባ ተጀመረ ሲባል ሌላ ትምህርት ቤት ማሰብ አላስፈለጋትም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት መግባት ማለት ደብተርና የደንብ ልብስ፣ ከዚያም በላይ ትኩስ ምግብ ማለት መሆኑን ታውቃለች። ለእርሷ ወንበሩ ወንበር ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን «ሞልቷል» ያላት የበሩ ጥበቃ ነው። በሁለተኛው ቀን እንደምንም ገብታ መዝጋቢዋን አገኘች፤ «የዚህ ወረዳ መታወቂያ አለሽ?» ተባለች። የላትም። የምትኖርበት ቤት የሌላ ሰው ነው፤ አከራያችንም ተከራይ በቤት ቁጥሩ ማስመዝገብ ግብር መጥራት ይመስላቸዋል። ቢፈቅዱላት እንኳ ከተነሣችበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለባት፤ መሸኛው ያለበት አገር ደግሞ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ያስኬዳል። በሦስተኛው ቀን ስለ መታወቂያው ያነሣባት ሰው አልነበረም፤ «የልደት ምስክር ወረቀት» አሏት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ልጁ የተወለደው ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቢሆንም በገጠር፣ በአያቱ ጎጆ ነው። መወለዱን የሚመሰክሩት አያቱና አዋላጇ ናቸው። ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስትሄድ «አልቀበልም ያለሽ ስለመሆኑ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አምጪ» ተባለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ «እኛ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አንጽፍም» አላት።

በሦስት ቀን ሦስት ምክንያት ሰጧት፤ ከሦስቱ አንዱንም በወረቀት አላሰፈሩላትም።

«ጋሼ፣ አንተ ባንክ ነው የምትሠራው፤ እስቲ ማመልከቻ ጻፍልኝ» ብላ የመጣችው ያን ዕለት ማታ ነው። ባንክ መሥራትና ማመልከቻ መጻፍ ምን እንደሚያገናኛቸው ባላውቅም እሺ አልኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ግጥም ሆኖብኝ ነበር። ደብተሩን አቅፎ በር ላይ የቆመ ሕፃን፣ የእናት እንባ፣ የምጣድ ጭስ፣ በመጨረሻም «በእግዚአብሔር ስም እማጸናለሁ»። ሁለት ገጽ ሞላ። ጮክ ብዬ ሳነብላት አለቀሰች፤ እኔም ደራሲ ነኝና ማልቀሷ ደስ አለኝ። አልጋዬ ላይ ከወጣሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ያነበበ ባለሥልጣን ምን ሊያደርግ ይችላል? ሊራራ ይችላል፤ ላይራራም ይችላል። እንዲመልስልን የጠየቅነው አንድም ጥያቄ በወረቀቱ ላይ የለም።

ይህ የእኔ ብቻ ድክመት አይመስለኝም። አቤቱታ የሚለው ቃላችን ራሱ ከጩኸት የተወለደ ነው፤ «አቤት! አቤት!» ከሚለው። አባቶቻችን የንጉሥ አጀብ ባለፈበት መንገድ ዳር ቆመው ይጮኹ ነበር፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ወረቀት አንከርፍፎ ከመኪናቸው ኋላ መሮጥ የታወቀ ነገር ነበር፤ ዙፋን ችሎት የደረሰም ጃንሆይ ራሳቸው ይሰሙታል። በዚያ ሥርዓት አቤት ባይ የሚፈልገው የጌታን ጆሮ ነው፤ ጆሮው ከተገኘ ሌላው ይቀላል። ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ወረደ። የማመልከቻችን ቋንቋ ግን ዛሬም እጅ እንደነሣ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው የሚጽፉትን ሰዎች ብታነቡላቸው፣ ከአንዱ ገጽ ግማሹ ልመና ነው። በልመና የተገኘ ነገር ደግሞ ችሮታ ነው፤ ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ቢከለከል የሚጠየቅበት የለም።

ሌሊቱን ያሰብኩት የራሴን መስኮት ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ቼክ ይዞ ሲመጣና ሒሳቡ በቂ ስንቅ ሳይኖረው ሲቀር፣ ቼኩን ወርውረንለት «የለም፣ ሂድ» ብንለው ማን ዝም ይለናል? ምክንያቱን እንጽፋለን፣ ቀኑን እንጽፋለን፣ እንፈርማለን፣ ማኅተም እናሳርፋለን። ያቺ ወረቀት ባለቼኩን ገንዘብ አትሰጠውም። ነገር ግን ይዟት ሄዶ መክሰስ ይችላል፤ እኛም ተሳስተን ከሆነ ስሕተታችን የሚታወቀው በእርሷ ነው። ስለ ገንዘብ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ስለ አንድ ሕፃን የትምህርት ዘመን በቃል፣ ያውም በጥበቃ አንደበት፣ «ሞልቷል» ብለን መመለሳችን ይገርመኛል። የልጅ ስንቅ ከቼክ ስንቅ አነሰ እንዴ?

ሕጉ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 አስተዳደራዊ አካላት ስለ ሕፃናት ሲወስኑ የሕፃኑን ደኅንነት ማስቀደም እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ ዜጎች በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አስተዳደራዊ ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቅር የተሰኘ ሰው በቅድሚያ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ አቤት ብሎ፣ ካልሆነለት ፍርድ ቤት እንዲሄድም መንገድ ከፍቷል። በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ገጣሚ መሆን አለበት። አቤቱታ በቃልም ይቀበላል፤ ክፍያ የለውም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያስገድዳል፤ አከራያችን እንደ ሕጉ ቢያደርጉ ኖሮ እናቲቱ እዚህ ሰፈር መኖሯን የሚመሰክር ማኅተም በእጇ ይኖር ነበር። ይህ ሁሉ ሕግ ግን የሚነሣው ከአንድ ወረቀት ነው። ወረዳው «ደብዳቤ አምጪ» ያላት፣ ትምህርት ቤቱም «አንጽፍም» ያላት ለዚሁ ነው፤ እምቢታው እስካልተጻፈ ድረስ የተከለከለ ልጅ የለም።

በሠለጠነው አገር ሁሉም ይገባል ብዬ ላሞኛችሁ አልፈልግም። ለንደን የሚኖር አብሮ አደጌ የመጀመሪያ ልጁን ሊያስገባ ሲል ቅርቡ ያለው ትምህርት ቤት አልተቀበለውም። በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ያመለከቱ ወላጆች ውሳኔ የሚሰማበት ቀን የታወቀ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 8። ደብዳቤው ምክንያቱን ከመናገሩም በላይ የት፣ እስከ መቼ አቤት እንደሚባል አብሮ ይነግራል። ለአቤቱታው መዘጋጃ ቢያንስ 20 የትምህርት ቀናት ይሰጣል፤ የሚሰሙትም ከትምህርት ቤቱ ጋር ጥቅም የማያገናኛቸው ሰዎች ናቸው። አብሮ አደጌ ተረታ። እዚያ የሕፃናቱ ክፍል በአንድ መምህር ከ30 እንዳይበልጥ በሕግ ስለተወሰነ፣ በትንንሾቹ ዕድሜ አቤት ከሚሉት ብዙዎቹ ይረታሉ። ሆኖም በመጨረሻ የተቀበሉት ልጅ ቤት ከትምህርት ቤቱ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ነግረውታል፤ የእርሱ ቤት ከዚያ ይርቃል። ተናዶ በስልክ ሲነግረኝ እኔ የቀናሁት በሜትሩ ነው።

ርእሰ መምህሯን ክፉ ሰው ማድረግም ግፍ ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዱ ወንበር ላይ ሦስት ልጅ ይቀመጣል። «ሞልቷል» እውነት ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ስንት ቦታ እንደነበረ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተሰጠ፣ ማን ማን እንደተመዘገበ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ቅርብ የሚኖር ይቅደም ከተባለ ይጻፍ፤ ወንድም ወይም እኅት ያለው ይቅደም ከተባለም ይጻፍ። ያልተጻፈ ቅደም ተከተል ስልክ ላለው ሰው ይሠራል። ይህን ስል ማንንም አላማሁም፤ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው።

በማግሥቱ ሁለቱን ገጽ ቀድጄ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። እንባ የለበትም። የልጁ ስም፣ ዕድሜው፣ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ያለው ርቀት፣ እናቱ የሄደችባቸው ሦስቱ ቀናትና በየቀኑ የተሰጣት ምክንያት ተዘረዘረ። ልመናው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ልጁ ይመዝገብ፣ የማይመዘገብ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን። በሁለት ቅጂ ሆነ። «አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳያስደርጉልሽ እንዳትወጪ» አልኳት። መዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቅጂው ላይ ቁጥር ለመጻፍ አንገራግራ ነበር አሉ። እናቲቱ ግን እንጀራ ለምግብ ቤት ቆጥራ የምታስረክብ ሰው ናት፤ ያለ ፊርማ ዕቃ ትታ መሄድ አታውቅም። ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ለሁለት ሳምንት መልስ አልመጣም። መስከረም ገባ፤ ማለዳ መዝሙሩ ተጀመረ፤ ልጁ ከግቢው ውስጥ አብሮ ይዘምር ነበር። በዚያን ሰሞን ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ እንዳላገኘው እመኝ ነበር፤ «መልስ መጣ?» ይለኛላ። ግልባጩን የገቢ ቁጥሩን ጠቅሰን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገባን፤ በእርሱም ላይ ቁጥር አስደረግን። መስከረም ሊያልቅ ሲል ከትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለላት፤ «ሰኞ ልጁን ይዘሽ ነይ፤ ሰነዱን ቀስ ብለሽ ታሟያለሽ፤ እኛ በትብብር ነው» ተባለች።

እልል አለች፤ እልልታው ለግቢው ሁሉ ተሰማ። እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ያቺ «በትብብር» የምትል ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። ለማመልከቻችን እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልተጻፈለትም። ልጁ የገባው መብቱ ሆኖ ይሁን፣ ቦታ ተገኝቶ ይሁን፣ ቁጥር ያለበት ወረቀት አስፈርቶ ይሁን የሚያውቅ የለም። መሸኛው ባይመጣ ዓመቱን ይጨርስ አይጨርስ እንኳ የጨበጥነው ነገር የለም። «በትብብር ነው» አሏት እንጂ «ይገባሻል» አላሏትም።

በጥቅምት መጀመሪያ ሌላ ሴት በሬን አንኳኳች። ከግቢያችን በስተጀርባ የምትኖር፣ ልብስ አጣቢ ናት፤ ሴት ልጅ አለቻት፤ እርሷም «ሞልቷል» ተብላለች። «ለእንጀራ ጋጋሪዋ ተፈቅዶላት የለ? ያንን የፈቀዱበትን ወረቀት ስጠኝና ላሳያቸው» አለችኝ። መሳቢያዬን ከፈትኩ። ያለኝ የራሳችን ማመልከቻ ቅጂ ነው፤ ጠርዙ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አለበት። ከዚያ በቀር ምንም የለም። ወንበር አቀረብኩላትና የልጅቷን ስም ጠየቅኋት።